ራጁ ንፁህ ነው፣ አንገቴ ግን አልዞር አለ

የደንገጎን ቁልቁለት ወርደን ድሬዳዋ ልንገባ ጥቂት ነበር የቀረን። ከሐረር ዘመድ ጠይቄ እየተመለስኩ ነው። ከፊታችን መኪኖች ተሰልፈው ስለነበር ሚኒባሳችን ቆመ። እኔ መሐል ወንበር ላይ አቀርቅሬ ስልኬን አያለሁ። ድንገት አንድ አይሱዙ ከኋላ ገጨን። ፍጥነቱ ያን ያህል አልነበረም። መስታወት አልረገፈም፣ የደማ ሰው የለም። ረዳቱ ወርዶ ተጨቃጭቆ ተመለሰ። እኛም "እንኳን አተረፈን" ተባብለን መንገዳችንን ቀጠልን። ቤቴ ገብቼ ቡና ጠጣሁ፣ እራቴን በላሁ፣ ተኛሁ።

ጠዋት ራሴን ከትራሱ ማንሳት አቃተኝ። በእጄ ደግፌ ነው የተነሳሁት።

የጎረቤት ምክር ወዲያው መጣ። አንዷ "ብርድ መትቶሽ ነው፤ ቬንትሌተሩን አንገትሽ ላይ ለቀሽ አድረሽ" አለች። ሌላዋ "ጅማት ዞሮብሽ ነው፤ ወጌሻ ጋ እንውሰድሽ" አለች። የግቢያችን ትልቅ ሴት ናቸው ነገሩን የቆረጡት። "ትላንት መኪና ገጭቷት የምን ብርድ ነው? ሐኪም ቤት ውሰዷት" አሉ። ሄድኩ። ራጅ ተነሳሁ። "አጥንትሽ ንፁህ ነው፤ ምንም የለሽም" ተብዬ ማስታገሻ ይዤ ተመለስኩ።

አንገቴ ግን አልዞር አለ። መንገድ ስሻገር ባጃጅ መምጣቱን ለማየት መላ ሰውነቴን ነበር የማዞረው። እስኪሻለኝ አራት ወር ገደማ ፈጀብኝ። ከአራቱ ወር ቢያንስ አንዱን ያባከንኩት ባለማወቅ ነው። በኋላ አንዲት የፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ የማከም) ባለሙያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ይህን የምጽፈው እናንተ ወሩን እንዳታባክኑት ነው።

ሐኪሞች ጉዳቱን ዊፕላሽ ይሉታል። የጅራፍ ምት እንደማለት ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1928 ያወጣው ሃሮልድ ክሮው የተባለ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም ነው። በቡሄ ሰሞን ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። እጅ ቀድሞ ይሄዳል። የጅራፉ ጫፍ ዘግይቶ ይከተላል። ሲደርስ ግን በኃይል ነው።

የአንድ ትልቅ ሰው ራስ ከ4 ተኩል እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። መካከለኛ ሐብሐብ አስቡ። ያንን ሐብሐብ ቀኑን ሙሉ ተሸክመው የሚውሉት 7 ትንንሽ የአንገት አጥንቶች፣ በመካከላቸው ያሉት ለስላሳ ዲስኮች፣ አጥንቶቹን የሚያያይዙት ጅማቶችና ዙሪያቸውን የከበቡት ጡንቻዎች ናቸው። መኪና ከኋላ ሲገጭ ወንበሩ ጀርባችንን ወደ ፊት ይገፋዋል። ራስ ግን ወዲያው አይከተልም፤ ለቅጽበት ባለበት ይቀራል። በዚያች ቅጽበት የአንገት የታችኛው ክፍል ወደ ኋላ ሲታጠፍ የላይኛው ወደ ፊት ይታጠፋል። አንገት እንደ እባብ ይጠማዘዛል ማለት ነው። ከዚያ ራስ ወደ ኋላ ይወረወራል፣ ተመልሶም ወደ ፊት ይመጣል። አንገት የሚጠማዘዘው ከግጭቱ በኋላ በሰከንድ አንድ አስረኛ አካባቢ ነው። ጡንቻ በዚያ ፍጥነት ጠንክሮ ራሱን ሊከላከል አይችልም። ስለዚህ ጅማት ይሳባል። ጡንቻ ይቆስላል። ከአጥንቶቹ በስተኋላ ያሉት ትንንሽ መገጣጠሚያዎችም ይላተማሉ።

ታዲያ ለምን ያን ዕለት አላመመኝም? ሰውነት ሲደነግጥ ሕመምን የሚያደነዝዝ ቅመም በደም ውስጥ ይለቃል። የተጎዳው ቦታ እብጠትም ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን መነሳቱ የተለመደ ነው። "ያን ጊዜ ምንም አልሆንሽም ነበር" ብሎ የሚጠራጠራችሁ ሰው ካለ ይህን ንገሩት።

ሕመሙ አንገት ላይ ብቻም አይቀርም። ከማጅራት ተነስቶ ወደ ግንባር የሚመጣ ራስ ምታት አለ። በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል ይወጋል። አንዳንዱን ያዞረዋል፣ ጆሮውን ያስጮኸዋል፣ መንጋጋውን ያመዋል። ሐሳብ መሰብሰብም ያቅታል። እኔ አንድ ገጽ አንብቤ ምን እንዳነበብኩ የማላውቅበት ጊዜ ነበር። አእምሮዬ የተነካ መስሎኝ ለማንም ሳልናገር ብዙ ተጨንቄያለሁ። የዚሁ ጉዳት አንድ መልክ መሆኑን ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር እንዴት ባረፍኩ።

ስለ ማገገም ከማውራቴ በፊት የማይታለፍ ነገር አለ። እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ጉንዳን የሚሄድበት ያህል ውርር ካለ፣ ጉዳዩ ከጡንቻ አልፏል። አካሄድ ከተንገዳገደ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተም እንደዚያው። ራስን መሳት፣ ደጋግሞ ማስታወክ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ መታየት፣ ምላስ መኮላተፍ፣ ምግብ አልዋጥ ማለት፣ እነዚህ ሁሉ ለነገ የማይባሉ ናቸው። ድሬ ከሆናችሁ ድል ጮራ፣ ሐረር ከሆናችሁ ሕይወት ፋና፣ ብቻ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ዛሬውኑ።

ደግሞ ለተሰበሰበው ሰው። መኪና ሲገለበጥ ሕዝባችን ይሮጣል፣ እግርና እጅ ይዞ ጎትቶ ያወጣል፣ ባጃጅ ላይ አጥፎ ይጭናል። ከርኅራኄ ነው። ነገር ግን አንገቱ የተሰበረ ሰው በዚያ መጎተት ዕድሜ ልኩን ሽባ ሊሆን ይችላል። እሳት ወይም ሌላ የሚያሰጋ ነገር ከሌለ በስተቀር አታንቀሳቅሱት። አንድ ሰው ራሱን ግራና ቀኝ በሁለት እጁ ቀጥ አድርጎ ይያዝለት። ማንሳት ግድ ከሆነም ብዙ ሆናችሁ፣ ራስ አንገትና ጀርባው እንደ አንድ ጣውላ ሳይታጠፍ ይነሳ።

አሁን ወደ ራጁ። ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው። የተሳበ ጅማትና የቆሰለ ጡንቻ ራጅ ላይ አይታይም። ስለዚህ "ንፁህ ነው" ማለት "አልተሰበረም፣ አልወለቀም" ማለት ነው። ትልቅ የምሥራች ነው። "አያምሽም" ማለት ግን አይደለም። በካናዳ ኩቤክ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ይህን ጉዳት በደረጃ ከፋፍለውታል። 1ኛው ሕመምና መድረቅ ብቻ ያለው ነው። 2ኛው በምርመራ የሚገኝ ምልክት ያለው ነው፤ አንገቱ እንደ ልብ አይዞርም፣ ሲነካም ያመዋል። 3ኛው ነርቭ የተነካበት ነው። 4ኛው ስብራት ወይም ውልቃት ነው። አብዛኛው ሰው 1ኛው ወይም 2ኛው ላይ ነው። እኔም 2ኛው ላይ ነበርኩ።

ሁሉም ሰው ራጅ ያስፈልገዋል ወይ? አይ። እዚያው ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ መመሪያ አለ። ዛሬ በብዙ አገር ሐኪሞች የሚመሩበት ነው። ዕድሜው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ እጅ እግሩን የሚወርረው፣ መኪናው የተገለበጠበት ወይም በከፍተኛ ፍጥነት የተጋጨ ሰው ራጅ ይነሳ ይላል። ቀላል የኋላ ግጭት ከሆነ፣ ሰውየው ተነስቶ ከሄደ፣ አንገቱንም ወደ ግራና ወደ ቀኝ 45 ዲግሪ ማዞር ከቻለ ግን አያስፈልገውም። የገጨው ትልቅ የጭነት መኪና ወይም አውቶቡስ ከሆነ "ቀላል" አይባልም። እኔን የገጨኝ አይሱዙ ነውና ራጅ መነሳቴ ልክ ነበር። ይህን የሚወስነው የሚመረምራችሁ ሐኪም ነው። ቤት ውስጥ አንገት እየጠመዘዛችሁ እንዳትፈትኑ።

ራጁ ንፁህ ሲሆንባቸው ገንዘብ ተበድረው አዲስ አበባ ኤምአርአይ (ከአጥንት ሌላ ለስላሳውን የሰውነት ክፍልም የሚያሳይ ምርመራ) ሊነሱ የሚሄዱ ሰዎች አውቃለሁ። ነርቭ የተነካ ከመሰለ ተገቢ ነው። ለተራ የአንገት ሕመም ግን ብዙ ጊዜ ከጥቅሙ ጭንቀቱ ይበልጣል። ጃፓን ውስጥ ምንም ሕመም የሌላቸው 1,211 ሰዎች አንገታቸውን በኤምአርአይ ታይተው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ከ100ው 87 በሚሆኑት ላይ ዲስካቸው ያበጠ ሆኖ ተገኝቷል። ሳያማቸው! ስለዚህ ወረቀት ላይ "ዲስክ" የሚል ቃል ስታዩ አትደንግጡ። ከግጭቱ በፊትም የነበረ ሊሆን ይችላል።

ወደ ሕክምናው ልግባ። የእኔ ጥፋትም እዚህ ላይ ነው።

ከፋርማሲ አንገት ላይ የሚታሰር ኮላር ገዛሁ። ደስ አለኝ፤ ራሴን የሚሸከምልኝ ነገር አገኘሁ። ለሦስት ሳምንት ያህል ሌትና ቀን አሰርኩት። ስፈታው አንገቴ ከመጀመሪያው ይበልጥ ደርቆ ጠበቀኝ። ለካስ ጡንቻ ካልሠራ ይደክማል። መገጣጠሚያም ካልተንቀሳቀሰ ይደርቃል። ድሮ ሐኪሞች ራሳቸው ኮላር ያዝዙ ነበር። በኋላ ሁለቱን መንገድ እያወዳደሩ ሲያዩ፣ አጥንቱ ደህና የሆነ ሰው አንገቱን ከማሰር ይልቅ የተለመደ ኑሮውን ቢቀጥል እንደሚሻለው ተረዱ። አጥንት ተሰብሮ በሐኪም የታዘዘ ኮላር ሌላ ነገር ነው፤ እሱን እንዳትፈቱ። ለእንደኔ ዓይነቱ ግን መድኃኒቱ እንቅስቃሴ ነው። ያውም ቀስ ያለ፣ ቶሎ የተጀመረና በየቀኑ የሚደጋገም።

ባለሙያዋ ያሠራችኝ እንዲህ ነው። ወንበር ላይ ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ። አንገቴን ቀስ አድርጌ ወደ ቀኝ አዞራለሁ፣ መሳቡ የሚሰማኝ ቦታ ላይ እቆማለሁ፣ እመለሳለሁ። ወደ ግራም እንዲሁ። አሥር አሥር ጊዜ። ከዚያ ጆሮዬን ወደ ትከሻዬ አዘነብላለሁ፤ ትከሻዬ ግን አይነሳም። ቀጥሎ አገጬን ወደ ኋላ እስባለሁ። ይሄኛው ለማስረዳት ትንሽ ያስቸግራል። ራስ ወደ ላይም ወደ ታችም አይሄድም። ሰው ፊታችሁ ላይ ጣቱን ሲቀስር እንደምትሸሹት አድርጉት። አምስት ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፣ አሥር ጊዜ። መጨረሻ ላይ ሁለቱን የትከሻ አጥንቶች ወደ ኋላ ማጋጠም። ሁሉም ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ያልቃል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ነው። አንዴ ብዙ ከመሥራት ጥቂት ጥቂት እየደጋገሙ መሥራት ይሻላል።

ያማል? አዎ፣ ትንሽ ያማል። እኔን ያቆመኝ ፍርሃት ይህ ነበር፤ ባመመኝ ቁጥር የሆነ ነገር የተቀደደ ይመስለኛል። እሷ ቀላል መለኪያ ሰጠችኝ። ስትሠሪ ትንሽ አሞሽ ብዙም ሳይቆይ ከበረደ ቀጥይ። እስከ ማግስቱ ከቆየ ቀንሺው። ወደ ክንድሽ ከወረደ ወይም ካደነዘዘሽ አቁመሽ ነይ። ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው በእርግጥ መዳን የጀመርኩት።

መሻሻሌን የለካሁት ደግሞ ከእነዚያው የግቢያችን ትልቅ ሴት በተማርኩት ነው። ከዓመታት በፊት እሳቸውም ወድቀው አንገታቸው ደርቆ ነበር። ሶላት ሲጨርሱ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲያሰላምቱ ግድግዳው ላይ እስከ የትኛው ምልክት ድረስ እንደሚያዩ በየቀኑ ያስተውሉ ነበር። "መጀመሪያ ሳጥኑን ብቻ ነበር የማየው። በወሩ መስኮቱ ታየኝ" አሉኝ። እኔም ቤቴ ውስጥ የራሴን መስኮት መረጥኩ። ከቀን ወደ ቀን ልዩነት አይታይም። ከሳምንት ሳምንት ግን ይታያል።

ለሕመሙ ማስታገሻ መውሰድ ነውር አይደለም። እንድትንቀሳቀሱ ይረዳችኋል። ፓራሲታሞል ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ ማለፍ የለበትም። ጉበቱን የሚያመው ወይም አልኮል የሚያዘወትር ሰው ከዚያም ያነሰ ስለሚያስፈልገው ይጠይቅ። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ አንድ ላይ አይወሰዱም። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይንካቸው። ነፍሰ ጡርም እንዲሁ። በባዶ ሆድም አይሆንም። በእኛ አገር ይህ በተለይ መነገር አለበት፤ ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሰው ምሳውን ዘሎ በባዶ ሆዱ ኪኒን ይውጣል።

ጫትን ካነሳሁ አይቀር አንድ ልጨምር። የጫት ገበያ ከሆነችው ከአወዳይ በታች ሆኜ ጫት ተዉ ብዬ ልሰብክ አይደለም። ግን ለታመመ አንገት ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ እንቅልፍ ይነሳል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሕመሙ ይብስበታል። ሁለተኛ፣ ለሰዓታት በአንድ ጎን ተደግፎ አንገትን አጣሞ መቀመጥ አለ። ቢያንስ አንገታችሁ እስኪድን ድረስ ቀንሱ። ከተቀመጣችሁም በየግማሽ ሰዓቱ ተነሱ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ ለሩብ ሰዓት ያህል መያዝ ሕመሙን ያስታግሳል። ከዚያ በኋላ የሚሞቅ ፎጣ ለብዙዎች ይስማማል። እኔ በድሬ ሙቀት ላይ ትኩስ ፎጣ አልቻልኩም፣ በቀዝቃዛው ቀጠልኩ። ምንም አይደለም፤ ያሻላችሁን ያዙ። ትራስ አንድ ብቻ ይሁን፣ በሆድ መተኛት ይቅር። ከመጋላ ገበያ ዕቃ በራሳችሁ ተሸክማችሁ የምትመለሱ እናቶችና እህቶች ደግሞ፣ ለጥቂት ሳምንት እባካችሁ ለሌላ ሰው አሸክሙ ወይም በሁለት እጅ አካፍላችሁ ያዙ።

ስለ ወጌሻ በግልጽ ልናገር። ወጌሻን አልንቅም። የወንድሜን ወለም ያለ ቁርጭምጭሚት ያሹለት አንድ ወጌሻ ናቸው፤ ዛሬም በክብር ነው የምንጠራቸው። አንገት ግን እንደ ቁርጭምጭሚት አይደለም። በአንገት አጥንቶች መሐል ከአእምሮ የሚወርደው ሕብለ ሰረሰር ያልፋል። በአጥንቶቹ ጎን ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ደግሞ ወደ አእምሮ ደም የሚወስዱ ሁለት ሥሮች ይወጣሉ። አንገት በድንገት ተጠምዝዞ ቀጭ ሲደረግ የደም ሥሩ ግድግዳ ሊቀደድ ይችላል፤ ከዚያ የሚመጣው ስትሮክ ነው። ስውር ስብራት ካለም አጥንቱ ሕብለ ሰረሰሩን ሊጫነው ይችላል። ቅቤ ወይም ቅባት ቀብቶ ትከሻን በለዘብታ ማሸት ጉዳት የለውም፣ ደስም ይላል። መጠምዘዝና ቀጭ ማድረግ ግን በፍጹም።

ጊዜውስ? አብዛኛው መሻሻል የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ነው። ብዙ ሰው በዚያው ወደ ሥራው ይመለሳል። ቀላል የማይባል ሰው ደግሞ ከዓመት በኋላም የተወሰነ ሕመም ይቀርበታል። ከጅምሩ ሕመሙ በጣም የበረታበት ሰው እንዲቆይበት ይጠበቃል። ፍርሃትና ተስፋ መቁረጥም ያቆዩታል። እ.ኤ.አ. በ1996 ከሊትዌኒያ የወጣ አንድ ጥናት ብዙ አነጋግሯል። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት በፊት ከኋላ የተገጩ 202 ሰዎችን ካልተገጩ ሰዎች ጋር ሲያወዳድሩ፣ ሥር በሰደደ የአንገት ሕመም ልዩነት አላገኙም። በዚያ አገር በዚያ ዘመን "ዊፕላሽ ዕድሜ ልክ ያሰቃያል" ብሎ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ይህ ማለት ሕመሙ የውሸት ነው ማለት አይደለም፤ እኔ ቀምሼዋለሁ። የምንጠብቀው ነገር ግን በምንድንበት ፍጥነት ላይ ድርሻ እንዳለው እኔም አምናለሁ። ስለዚህ የታመመ ሰው ልትጠይቁ ስትሄዱ "የእገሌ ልጅ እኮ በዚሁ ነው አካለ ጎደሎ የሆነው" አትበሉ።

የደነገጠ ልብም ሕክምና ይፈልጋል። የአይሱዙ ጡሩምባ በሰማሁ ቁጥር ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይወጣ ነበር። ያ ሁሉ ጡንቻ ቀኑን ሙሉ ተወጥሮ እንዴት ይዳን? ከወር በላይ በቅዠት የምትነቁ፣ መኪና መሳፈር ያቃታችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ይህንንም ንገሩት። ሦስት ወር አልፎም ካልተሻላችሁ ዝም ብላችሁ ኪኒን አትቀጥሉ፤ ፊዚዮቴራፒ ያለበት ሆስፒታል ጠይቁ።

እኛ የዚያን ዕለት አደጋውን ሳናስመዘግብ ሄድን። ስህተት ነበር። በሀገራችን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ተሽከርካሪ ሁሉ የሶስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው። ነገር ግን በማግስቱ አንገታችሁ ሲይዛችሁ የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ ከሌለ ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ? ቀላል ቢመስልም አስመዝግቡ፣ ታርጋውን ጻፉ፣ የሐኪም ወረቀትና ደረሰኝ አትጣሉ።

የራሳችሁ መኪና ካላችሁ ዛሬ ወጥታችሁ የወንበሩን ራስ መደገፊያ እዩ። ብዙ ሰው ወደ ታች ሰብስቦት ነው የሚነዳው። እንደዚያ ሆኖ ራስን አይዝም፤ አንገት በላዩ ይታጠፋል። ጫፉ ከራሳችሁ አናት ጋር እኩል ይሁን፣ ቢያንስ ከጆሮ ከፍ ይበል። ከራሳችሁ ያለው ርቀት ከ10 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። እኔ የተቀመጥኩበት የሚኒባስ ወንበር ጭራሽ መደገፊያ አልነበረውም። በዚያ ላይ ደግሞ አቀርቅሬ ነበር። አሁን ሐረር ስሄድ ቀድሜ ደርሼ ጋቢና እይዛለሁ፣ ቀበቶ አስራለሁ፣ ከደንገጎ ቁልቁለት ላይ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ነው የማስገባው።